ስካተር ፕሎትና ኮሪሌሽን፦ ከቁጥሩ በፊት ነጥቦቹን እዩ

ስካተር ፕሎት ማለት ባጭሩ ከአንድ ሰው ወይም ከአንድ ዕቃ ሁለት ነገር ለክቶ በግራፍ ላይ አንድ ነጥብ ማስቀመጥ ነው። የአንድ ክፍል ተማሪዎችን ቁመትና ክብደት ከያዛችሁ ቁመቱ በኤክስ ክብደቱ በዋይ ይሆንና እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ነጥብ ይደርሰዋል፣ በቃ። ነጥቦቹን በመስመር ማገናኘት የለም፣ ከላይን ግራፍ ጋ እያምታታ የሚያገናኝ ተማሪ አይጠፋም።

ነጥቦቹ ወደ ቀኝ ሲሄዱ ከፍ እያሉ ከመጡ ኮሪሌሽኑ (የሁለቱ ነገሮች ግንኙነት) ፖዘቲቭ ነው፣ ዝቅ እያሉ ከሄዱ ኔጌቲቭ (መኪናው ሲከብድ በአንድ ሊትር የሚሄደው ርቀት እንደሚቀንሰው)፣ ዝም ብለው ከተበታተኑ ደግሞ ምንም የለም ማለት ነው።

የግንኙነቱን ጥንካሬ በቁጥር የሚነግረን አር የምንለው ነው፣ ከ-1 እስከ 1 ብቻ ይሄዳል። ሐሳቡን ያመጣው እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን ነው፣ የወላጆችንና የልጆችን ቁመት ሲያጠና ቆይቶ በ1888 እ.ኤ.አ. አቀረበው፣ ዛሬ የምንጠቀምበትን ፎርሙላ ደግሞ ካርል ፒርሰን በ1896 አስተካክሎ አወጣው። አር 0.8 ነው ማለት 80 ፐርሰንት ማለት አይደለም፣ ስሎፕም (በነጥቦቹ መካከል የሚሰመረው ቀጥታ መስመር ተዳፋት) አይደለም። ሴንቲሜትሩን ወደ ሜትር ብትቀይሩት ስሎፑ ይቀየራል፣ አር ግን ንቅንቅ አይልም፣ ኤክስና ዋይን ብታቀያይሩም ያው ነው።

አሁን ዋናው ነገር፣ አር የሚለካው ነጥቦቹ ለቀጥታ መስመር ምን ያህል እንደቀረቡ ብቻ ነው። ኤክስ ከ-3 እስከ 3 ያሉትን ሙሉ ቁጥሮች ስጡትና ዋይን የኤክስ ስኩዌር አድርጉት፣ ግንኙነቱ ፍጹም ነው ግን አር ዜሮ ይወጣል! ፍራንሲስ አንስኮምብ የሚባል ስታቲስቲሺያን በ1973 ይሄንን ጉድ በደንብ አሳይቶታል፣ እያንዳንዳቸው 11 ነጥብ ያላቸው አራት የዳታ ስብስቦች ሠራ፣ የሁሉም የኤክስ አማካይ 9፣ የዋይ 7.5 ገደማ፣ አር ደግሞ 0.816 አካባቢ፣ የሚወጣላቸው መስመር ራሱ አንድ ነው ማለት ይቻላል። ስዕሉን ስታዩት ግን አንደኛው ጤነኛ የሆነ የተበተነ ነጥብ ነው፣ ሁለተኛው ኩርባ ነው፣ ሦስተኛው ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ አንድ አውትላየር (ከሌሎቹ ርቆ የወጣ ነጥብ) ያበላሸው ነው፣ አራተኛው ላይ አስሩ ነጥብ ኤክስ 8 ላይ ተደርድሮ አንዱ ብቻ 19 ላይ ቆሟል። ያቺን አንድ ነጥብ ብታነሷት ኮሪሌሽን የሚባል ነገር ማስላት ራሱ አይቻልም፣ ኤክስ ሁሉም አንድ ዓይነት ስለሚሆን። ለዚህ ነው ካልኩሌተር ላይ አርን አውጥቶ ብቻ "ጠንካራ ግንኙነት አለ" ብሎ መጻፍ ለኔ ግማሽ መልስ የሚሆነው።

ሌላው ፈተና ላይ የማይቀረው የምክንያት ጉዳይ ነው። ትልቅ ጫማ የሚያደርጉ ሕፃናት የተሻለ ያነባሉ፣ እውነት ነው፣ ግን ጫማው አይደለም ያስነበባቸው፣ ዕድሜያቸው ነው ሁለቱንም የሚያሳድገው። ዕድሜያቸው እኩል የሆኑትን ብቻ ለይታችሁ ብታዩ ግንኙነቱ ይጠፋል ወይም በጣም ይዳከማል። በመስመሩ ስትገምቱም ከዳታው ክልል አትውጡ፣ ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች ቁመት የተሠራ መስመር ለ40 ዓመት ሰው ብትጠቀሙበት ከሦስት ሜትር በላይ የሆነ ግዙፍ ሊያወጣላችሁ ይችላል።