ካላሰቃየ አያከሳም ያለው ማነው?

ሴቶችን ኤሮቢክስና ዳንስ በግሩፕ ሳሰራ አመታት አልፈዋል፣ እና አሁንም በየሳምንቱ አንዷ ትመጣና «ይሄማ ጭፈራ ነው፣ እኔ ክብደት ልቀንስ ነው የመጣሁት፣ የሚያደክመው የቱ ነው?» ትለኛለች። በጣም ሰልችቶኛል።

እህቴ፣ ካሎሪ የሚቃጠለው ጡንቻሽ ስለሰራና ልብሽ ስለፈጠነ ነው እንጂ ፊትሽ ስለተኮሳተረ አደለም። መለኪያው ቀላል ነው፣ እየሰራሽ ማውራት ከቻልሽ ግን መዝፈን ካቃተሽ መካከለኛው ላይ ነሽ፣ ሁለት ሶስት ቃል ብለሽ ትንፋሽ ካጠረሽ ከባዱ ላይ ነሽ። የአለም ጤና ድርጅት በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው የሚለው፣ ሩጫ ይሁን ዳንስ ብሎ አልመረጠልሽም። 50 ደቂቃ በሳምንት 3 ቀን፣ ይኸው 150 ሞላ። የኔ ጥያቄ ከስድስት ወር በኋላም ትመጫለሽ ወይ ነው።

ሁሌ በር ጋ የምትቆም ተማሪ ነበረችኝ፣ ጠንከር ያለ እፈልጋለሁ ብላ ትሬድሚል (የመሮጫ ማሽን) ጀመረች፣ ብቻዋን ደቂቃ እየቆጠረች አምስት ሳምንት ሰርታ አቆመች፣ ከዛ እኛ ጋ መመለስ አፍራ ስምንት ወር ቤቷ ተቀመጠች። የመለሳት የኔ ምክር አደለም፣ አጠገቧ ትሰራ የነበረችው ልጅ ደውላ «ቦታሽ ባዶ ነው» ስላለቻት ነው። የመጣች ቀን ልጅቷ ምንም ሳትል ሁለት እርምጃ ጠጋ አለችላት፣ ሙዚቃው ተጀመረ። ይሄን ትሬድሚል አይሰጥሽም።

ሌሎቹን የተሳሳቱ ወሬዎች ቶሎ ቶሎ ላንሳቸው። ላብ ውሃ ነው፣ ስብ አደለም፣ ሆድሽን በፕላስቲክ ጠቅልለሽ የቀነስሽውን ስትጠጪ ትመልሽዋለሽ። ቦርጭን ብቻ ለይቶ የሚያጠፋ እንቅስቃሴ የለም። ክብደት ማንሳት ወንድ አያስመስልሽም፣ ያን የሚያህል ቴስቶስትሮን (ወንዶች ላይ የሚበዛው ሆርሞን) የለሽም፣ እንደውም ጡንቻ የሚያጠነክር ስራ በሳምንት 2 ቀን ያስፈልግሻል።

«ስፖርት ስለምሰራ ያሻኝን እበላለሁ» ግን ያናድደኛል፣ የአንድ ሰአት ክላስ ያቃጠለውን በአስር ደቂቃ በልተሽ ትመልሽዋለሽ። ስፖርት ብቻውን ብዙ ኪሎ አይጥልም፣ የቀነስሽው እንዳይመለስ ግን በጣም ያግዛል። መጀመሪያ ሰሞን ሚዛኑ ቢጨምር አትደንግጪ፣ የደከመ ጡንቻ ውሃ ይይዛል፣ የወር አበባ ሰሞንም እንደዛው።

ክላስ ስትመርጪ ሰአቱ የሚመችሽን፣ ስትቀሪ የት ጠፋሽ የሚልሽ ሰው ያለበትን ምረጪ። በ2 ቀን ጀምሪ። ጉልበትሽን የሚያምሽ ከሆነ ዝላዩን ትተሽ ሁሌ አንዱ እግርሽ መሬት እንደነካ ስሪው፣ አሰልጣኟ ካልፈቀደች ክላስ ቀይሪ።