«ቻርጀሩ ተቃጥሏል» ከማለት በፊት፦ ስለ ጀልባ ባትሪ አሞላል የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከፍቅር ሐይቅ እስከ አሞራ ገደል ባለው የሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ሞተራቸው በቁልፍ የሚነሣ ጀልባዎች ያላቸው ሰዎች ባትሪያቸውን ማታ ቻርጀር ላይ ሰክተው ያድራሉ። ጠዋት ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ «ቀጭ» ብሎ ዝም ካለ የመጀመሪያው ተከሳሽ ቻርጀሩ ነው። እኔ ዘንድ «ተቃጥሏል» ተብለው ከሚመጡት ቻርጀሮች መካከል ግን አብዛኞቹ ምንም ያልሆኑ ናቸው፤ ጥፋቱ የሚገኘው ከቻርጀሩ በፊት ወይም በኋላ ባለው መስመር፣ አለዚያም በባትሪው ውስጥ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ልኬቶች ለተለመደው ባለ 12 ቮልት የአሲድ ባትሪ ሲሆኑ፣ ለመለካት ከአንድ ቴስተር (የቮልት መለኪያ) በላይ አያስፈልግም።

«መብራቱ ካልበራ ቻርጀሩ ሞቷል»

ወደ ውኃው ዳር የሚዘረጋው ማራዘሚያ ብዙ ጊዜ ቀጭን፣ ሁለት ሦስት ቦታ ላይ በናስትሮ የተቀጠለ፣ ጫፉ ላይ ያለው ዲቫይደርም በአሸዋና በእርጥበት የተጎዳ ነው። ሶኬቱ ላይ 220 ቮልት ማየት ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ ምክንያቱም በአንድ ቀጭን ክር ብቻ ተያይዞ የቀረ ሽቦም ጭነት በሌለበት ጊዜ ሙሉ ቮልቴጅ ያሳያል። እዚያው ሶኬት ላይ የተሰካ ዕቃ እየሠራ ሳለ ሲለካ 220 የነበረው ወደ 180 ከወረደ መጠየቅ ያለበት ማራዘሚያው ነው። ይህን ልኬት እጁ ርጥብ የሆነ ወይም ልምድ የሌለው ሰው ባይሞክረው ይሻላል፤ ተራ አምፖል ሰክቶ መፍዘዙንና መርገብገቡን ማየትም ብዙ ይናገራል።

ሌላው የሚያሳስተው ነገር የዘመናዊ ቻርጀሮች ጠባይ ነው። ብዙዎቹ መቆንጠጫዎቻቸው ከባትሪ ጋር ካልተያያዙ ምንም ቮልቴጅ አያወጡም፤ ስለዚህ ጫፎቹን በቴስተር ነክቶ «ዜሮ ነው፣ ተቃጥሏል» ብሎ መፍረድ ስሕተት ነው። ባትሪውም እጅግ ተሟጥጦ ከሆነ ቻርጀሩ ባትሪ መኖሩን ስለማይለይ ሥራ አይጀምርም። እንዲህ ሲሆን ጤነኛ የሆነ ሌላ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ፖዘቲቩን ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቩን ከኔጋቲቭ ጋር አያይዞ ቻርጀሩን ለጥቂት ደቂቃዎች ማስነሣት፣ ከዚያም አጋዡን ባትሪ ማላቀቅ ይቻላል። ሌሊቱን ሙሉ ሲሞላ አድሮ ካረፈ በኋላ 10.5 ቮልት አካባቢ ላይ የሚቆም ባትሪ ግን ከስድስቱ ክፍሎቹ አንዱ የሞተበት ሊሆን ይችላል፤ እያንዳንዱ ክፍል 2.1 ቮልት ያህል ስለሚሰጥ የጎደለው ልክ የአንድ ክፍል ድርሻ ነው። እንዲህ ያለውን ባትሪ ምንም ዓይነት ቻርጀር አያድነውም።

«ሽቦው ካልተበጠሰ መስመሩ ደኅና ነው»

ከሁሉም በላይ ገንዘብ የሚያስወጣው ይህ አመለካከት ይመስለኛል። ባለፈው ክረምት አንድ የሽርሽር ጀልባ ባለቤት ቻርጀሩን በፌስታል ጠቅልሎ አመጣልኝ። እሱን ትቶ አዲስ እንደገዛ፣ አዲሱም እንደ አሮጌው ባትሪውን መሙላት እንዳቃተው ነገረኝ። አብሬው ወርጄ ቻርጀሩ እየሠራ ሳለ መውጫው ላይ ስለካ 14.3 ቮልት አገኘሁ፤ የባትሪው እርሳስ ፖል (ሽቦው የሚታሰርበት ጫፍ) ላይ ስለካ ደግሞ 12.9 ብቻ ነበር። 1.4 ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። አንዱን የቴስተር መርፌ ፖሉ ላይ፣ ሌላውን ፖሉን በጨበጠው ማሰሪያ ላይ ሳሳርፍ 1.1 ቮልት አነበብኩ። በዓይን ሲታዩ የተጣበቁ ሁለት ብረቶች መካከል ይህን ያህል ልዩነት መኖር የለበትም፤ በጤናማ ግንኙነት ንባቡ ወደ ዜሮ የቀረበ ነው። ማሰሪያው ሲፈታ ከሥሩ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ፈሰሰ።

መድኃኒቱ ቀላል ነበር። ቻርጀሩን ከሶኬት ነቅለን፣ መጀመሪያ ኔጋቲቩን ቀጥሎም ፖዘቲቩን ፈታን፤ ዱቄቱን ሶዳ በተበጠበጠበት ሙቅ ውኃ አጠብን፤ ውኃው ወደ ባትሪው ክፍሎች እንዳይገባም ክዳኖቹን አጥብቀን ነበር። ፖሉንና ማሰሪያውን በብርጭቆ ወረቀት አሽተን፣ አጥብቀን ካሰርን በኋላ በላዩ ቫዝሊን ቀባን። ያ አሮጌ ቻርጀር እስከ ዛሬ እየሠራ ነው፤ አዲሱ ግን ካርቶኑ ውስጥ ተቀምጧል።

«አረንጓዴው ከበራ ባትሪው ሞልቷል»

አረንጓዴው መብራት የሚናገረው ቮልቴጁ ከተፈለገው ደረጃ መድረሱንና የሚገባው አምፔር መቀነሱን እንጂ ባትሪው ምን ያህል ጉልበት እንደያዘ አይደለም። ለረጅም ጊዜ ባዶውን የቆየ ባትሪ በውስጡ ያሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች ሰልፌት በሚባል ቅርፊት ስለሚሸፈኑ ቶሎ «ይሞላል»፣ ቶሎም ያልቃል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ አረንጓዴ ያሳየ ባዶ ባትሪ ደስ ሊያሰኝ ሳይሆን ሊያጠራጥር ይገባል። ባትሪውን ከቻርጀሩ ነጥሎ ጥቂት ሰዓታት ካሳረፉ በኋላ መለካት ይሻላል፦ 12.6 ወይም 12.7 ከሆነ ሙሉ ነው፣ 12.2 ከሆነ ግማሽ ገደማ ነው፣ ከ12 በታች ከሆነ ባዶ ለመሆን ተቃርቧል። ከዚያም ሞተሩ ሲነሣ የባትሪውን ቮልቴጅ መመልከት ነው፤ ካረፈ በኋላ 12.6 ያነበበ ባትሪ ሞተሪኖው ሲዞር ከ9.6 በታች ከወደቀ ጥፋቱን ቻርጀሩ ላይ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

«ሞተሩ ራሱ ስለሚሞላው ቻርጀር አያስፈልግም»

ረጅም ርቀት በፍጥነት ለሚጓዝ ጀልባ ይህ በከፊል እውነት ነው። ጉማሬ ለማሳየት በዝግታ የሚሄድ፣ ደጋግሞ ሞተር የሚያጠፋ፣ በዚያ ላይ ሙዚቃ የሚያጫውት ጀልባ ግን በየማስነሣቱ የሚያወጣውን ያህል እንኳ ላይመልስ ይችላል፤ የትናንሽ ሞተሮች ዲናሞ በዝቅተኛ ዙር የሚሰጠው ጥቂት አምፔር ነውና።

«አምፔሩ የበዛ ቻርጀር ይሻላል» የሚሉም አሉ። ለተለመደው የአሲድ ባትሪ ከአምፔር ሰዓቱ ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆነው በቂ ነው፤ ለባለ 70 አምፔር ሰዓት ባትሪ ከ7 እስከ 14 አምፔር ማለት ነው። ከዚህ እጅግ ሲበልጥ ባትሪው ይሞቃል፣ ውኃውም ይተናል። የጎደለው ደግሞ የሚተካው በተጣራ የባትሪ ውኃ እንጂ በአሲድ ወይም ከሐይቁ በተቀዳ ውኃ አይደለም።

«ፊውዙ በየጊዜው ከተቃጠለ ወፈር ያለ ይግባበት»

በሲጋራ ብርጭቅጭቅ ወረቀት የተጠቀለለ ፊውዝ በዓይኔ አይቻለሁ። ፊውዙ ደጋግሞ የሚቃጠለው ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ተገለባብጠው ሲታሰሩ፣ ሽቦው ተልጦ ከብረት ጋር ሲነካካ ወይም ቻርጀሩ ውስጡ ሲበላሽ ነው። ፊውዙ ሲወፍር ቀጥሎ የሚቃጠለው ሽቦው ይሆናል፤ ሽቦው ያለው ደግሞ ከቤንዚን ጋኑ አጠገብ ነው።

«የመኪና ቻርጀር ጀልባ ላይ ቢያድር ምን አለበት?»

ባትሪው ከጀልባው ወጥቶ፣ ደረቅና አየር በሚዘዋወርበት ቦታ የሚሞላ ከሆነ ችግር የለውም። ጀልባው ላይ ግን ተራ ቻርጀር እርጥበትን አይችልም፤ ማብሪያውም የእሳት ፍንጣሪ ሊያወጣ ይችላል። በመሙላት ላይ ያለ ባትሪ የሚያወጣው ሃይድሮጅን ከአየሩ 4 በመቶ ሲደርስ ይቀጣጠላል፤ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ይህ ሩቅ አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ መቆንጠጫዎቹን አያይዞ በመጨረሻ ስፒናውን መሰካት፣ ሲጨርሱም ከስፒናው መጀመር ይገባል። ውኃ ዳር ያለው የ220 ቮልት መስመር የመሬት ሽቦ ያለው ሆኖ፣ በ30 ሚሊ አምፔር መፍሰስ የሚቆርጥ ብሬከር ሊኖረው ይገባል። ይህ ብሬከር ቻርጀሩ በተሰካ ቁጥር ከቆረጠ ደግሞ ኤሌክትሪክ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው ማለት ስለሆነ፣ የፈሰሰበት ቦታ እስኪገኝ ድረስ ብሬከሩን አልፎ ሽቦውን በቀጥታ ማገናኘት አይፈቀድም።