አረንጓዴ ሃይድሮጅን ምንድን ነው? ከጣና ዳር ሆነን እንየው

(ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሃይድሮጅን አዲስ ነገር አይደለም። በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ90 ሚሊዮን ቶን በላይ ይመረታል። አብዛኛው ግን የሚወጣው ከተፈጥሮ ጋዝና ከድንጋይ ከሰል ስለሆነ ጭሱ ለጉድ ነው። አረንጓዴ የሚባለው ከውሃ የሚወጣው ነው። ውሃ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲለቀቅ ውሃው ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ይከፈላል። የኬሚስትሪ መምህር በባትሪ ድንጋይና በሁለት እርሳስ የሚያሳየው ሙከራ ማለት ነው፤ አረፋ አረፋ ይላል። መብራቱ ከግድብ፣ ከነፋስ ወይም ከፀሐይ ከመጣ፣ ጋዙ "አረንጓዴ" የሚል ስም ያገኛል።

እንግዲህ ሃይድሮጅን የኃይል ምንጭ አይደለም። ጀሪካን ነው። እዚህ የመነጨ ኃይል ተሞልቶበት ሌላ አገር ይራገፋል። 1 ኪሎ ለማውጣት 9 ሊትር ውሃና ከ50 ኪሎዋት ሰዓት በላይ መብራት ይበላል። ጀሪካኑ ደግሞ አስቸጋሪ ነው፤ ጋዙ ፈሳሽ የሚሆነው ከዜሮ በታች በ253 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ነጋዴዎች ከናይትሮጅን ጋር አዋህደው አሞኒያ ያደርጉታል። አሞኒያ ከዜሮ በታች በ33 ዲግሪ ፈሳሽ ስለሚሆን በመርከብ ለመጫን ይመቻል።

ገዢው ማን ነው? በዋናነት አውሮፓ፣ በተለይ ጀርመን። የብረትና የኬሚካል ፋብሪካዎቿ ከጋዝና ከከሰል መውጣት ይፈልጋሉ፤ የራሷ ፀሐይና ነፋስ ግን አይበቃትም። በ2020 ባወጣችው ስትራቴጂ 2 ቢሊዮን ዩሮ የመደበችው ከውጭ አገራት ጋር ለሚደረግ ሽርክና ነበር። ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት እስከ 2030 በዓመት 10 ሚሊዮን ቶን ከውጭ አስገባለሁ አለ። ዕቅዱ ዛሬ በጣም ወደኋላ ቀርቷል። መጠኑን ግን በምናውቀው እንለካው። የሕዳሴ ግድብ በዓመት ያመነጫል የተባለው ኃይል ወደ 15,700 ጊጋዋት ሰዓት ነው። አንዲት አምፖል ሳይተርፍ በሙሉ ለሃይድሮጅን ቢውል የሚወጣው 300 ሺህ ቶን ገደማ ነው። ለ10 ሚሊዮን ቶን ከ30 በላይ ሕዳሴ ያስፈልጋል።

እዚህ ባሕር ዳር ወሬው ሲነሳ መጀመሪያ የሚመጣው ስጋት "ጣናን ሊጠጡት ነው" የሚል ነው። በእኔ እምነት ስጋቱ ቦታውን ስቷል። ለዚያ 300 ሺህ ቶን ሃይድሮጅን የሚገባው ውሃ 2.7 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ነው። ማጣሪያውና ማቀዝቀዣው ሲታከልበት በሁለትና በሦስት እጥፍ ቢያድግ እንኳ፣ ጣና ከያዘው ወደ 28 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ጋር አይነጻጸርም። "የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው" ይባል የለ? እዚህ ጋ የሚጠማው መብራት ነው።

ነገሩን ጢስ ዓባይ ሄዶ ማየት ይቻላል። በበጋ ፏፏቴውን ሊያይ የመጣ እንግዳ "ይሄ ነው እንዴ?" ብሎ ይቆማል። ውሃው ያለቀ እንዳይመስለው። ከፊሉ በቦይ ተጠልፎ ወደ ማመንጫው ይሄዳል፤ ከ2010 ወዲህ ደግሞ ብዙው ከጣና በዋሻ ወደ በለስ ማመንጫ ይወርዳል። በዚያ ውሃ የሚመነጨው ኃይል ለማን እንደሚበራ ነው ጥያቄው። ከሕዝባችን ግማሽ ገደማው ገና መብራት የለውም። የአውሮፓ ደንብ ደግሞ ከ90 በመቶ በላይ ታዳሽ ኃይል ካለው አገር የኤሌክትሪክ መረብ የተወሰደን መብራት እንደ አረንጓዴ ይቀበላል። የእኛ መረብ ይህን በቀላሉ ያልፋል። ያም ማለት የሃይድሮጅን ፋብሪካው አዲስ ማመንጫ ሳይገነባ ከእኛው ቆጣሪ ጋር ሊሻማ ይችላል ማለት ነው። "አረንጓዴ" ምን እንደሆነ የሚወስነው ብራስልስ ነው፤ ጨለማው የሚቀረው እዚህ ነው።

"ይህ ንግድ አዲስ ቅኝ ግዛት ነው" የሚል ክርክር የሚነሳው ለዚህ ነው። ናሚቢያን እንይ። ሃይፈን የሚባል ኩባንያ 10 ቢሊዮን ዶላር የተገመተ የአረንጓዴ ሃይድሮጅን ፕሮጀክት በሉደሪትዝ ወደብ አጠገብ ሊያቋቁም አቅዷል። ቦታው ያኔ ቅኝ ገዢ የነበሩት ጀርመኖች በ1908 አልማዝ ሲገኝ "ክልክል" ብለው ያጠሩት በረሃ ነው። እዚያው ሉደሪትዝ፣ ሻርክ ደሴት ላይ፣ ከ1905 እስከ 1907 የሄሬሮና የናማ ሰዎች በጀርመን ማጎሪያ አልቀዋል። ጀርመን ድርጊቱ የዘር ማጥፋት መሆኑን ያመነችው በ2021 ነው። በ30 ዓመት የሚከፈል 1.1 ቢሊዮን ዩሮ አቀረበች፤ ካሳ ብላ ለመጥራት ግን አልፈለገችም። ዛሬ ወደቡን ለማስፋት ሲታሰብ የናማ ማኅበረሰብ ተወካዮች "የሙታኖቻችን ቦታ ነው" ብለው ይቃወማሉ። ገዢም አያስተማምንም፤ አሞኒያውን ሊገዛ የመግባቢያ ሰነድ ፈርሞ የነበረው የጀርመኑ የኃይል ኩባንያ አርደብሊውኢ በ2025 ትቶ ወጣ።

እኛ ቅኝ አልተገዛንም፤ ውሃችን ግን በሌሎች ጠረጴዛ ላይ ብዙ ጊዜ ቀርቧል። በ1902 እንግሊዝ ከምኒልክ ጋር ባደረገችው ውል፣ በጣና፣ በዓባይና በሶባት ላይ ፍሰቱን የሚያግድ ሥራ ያለ እንግሊዝና ያለ ሱዳን ስምምነት እንዳይሠራ አስፈርማለች። በ1925 እንግሊዝና ጣሊያን ደብዳቤ ተለዋወጡ። ለእንግሊዝ የጣና ግድብ፣ ለጣሊያን ኤርትራንና ሶማሊያን የሚያገናኝ ባቡር፤ ባለቤቷን አገር ሳይጠይቁ። ራስ ተፈሪ ጉዳዩን ለመንግሥታቱ ማኅበር አቀረቡትና ሁለቱም አፈገፈጉ። በ1927 ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ግድቡን የሚሠራ የአሜሪካ ኩባንያ ሊያፈላልጉ ተላኩ። ጥናቱ ተጠና፤ ግድቡ ሳይሠራ ጣሊያን ወረረን።

ከውሃ ሃይድሮጅን ማውጣት ራሱ ብርቅ አይደለም። ከጣና የሚወጣው ዓባይ እየወረደ አስዋን ይደርሳል። እዚያ ኪማ የሚባለው የግብፅ ፋብሪካ ከ1960 ጀምሮ በግድቡ መብራት ከውሃ ሃይድሮጅን እያወጣ ለአሥርት ዓመታት ማዳበሪያ ሲሠራ ነበር። ዚምባብዌም ክዌክዌ ላይ እስከ 2015 እንዲሁ አድርጋለች። አረንጓዴ የሚል ታፔላ አልነበራቸውም። ምርቱም በዋናነት ለገዛ አገራቸው ገበሬ ነበር። አዲሱ ነገር አቅጣጫው ነው፤ ቧንቧው ወደ ማሳ መሄዱ ቀርቶ ወደ ወደብ ዞሯል።

ስለዚህ ውል ሲመጣ እኔ መጀመሪያ የማየው አሞኒያው የት እንደሚራገፍ ነው። የሜጫና የፎገራ ገበሬ ዩሪያ በሰዓቱ ሳይደርስ ሲቀር ምን እንደሚሆን ለዚህ አካባቢ ሰው አይነገረውም። ዩሪያ የሚሠራው ከአሞኒያ ነው። እርግጥ አንድ ሳንካ አለ፦ ዩሪያ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ይፈልጋል፤ ሃይድሮጅኑ ከውሃ ሲወጣ ግን ካርቦን የለም። ወይ ከሲሚንቶ ፋብሪካ ጭስ መያዝ፣ ወይ ካርቦን ወደማይፈልገው ወደ አሞኒየም ናይትሬት ማዳበሪያ መዞር ያስፈልጋል። እሱ ደግሞ ሊፈነዳ ስለሚችል አያያዙ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

የግድ በቢሊዮን ዶላር መጀመርም የለበትም። ኬንያ ውስጥ ናይቫሻ አጠገብ አንድ እርሻ ላይ በፀሐይ ኃይል በቀን 1 ቶን ገደማ አሞኒያ የሚያመርት ትንሽ ፋብሪካ በ2023 ተተክሏል። አሞኒያው የሚያልቀው እዚያው እርሻ ላይ ነው።