የአውስትራሊያ የፍጆታ ታክስ፦ ገንዘቡ የግዛቶች፣ ሥልጣኑ የካንቤራ

አውስትራሊያ ውስጥ ዕቃ የሚገዛ ሰው 10 በመቶ የሸቀጦችና አገልግሎቶች ታክስ ይከፍላል። ባጭሩ ጂኤስቲ ይባላል። የሚሰበስበው የፌዴራሉ ታክስ መሥሪያ ቤት ቢሆንም፣ ገንዘቡ ለስድስቱ ግዛቶችና ለሁለቱ ቴሪቶሪዎች (ሙሉ የግዛት ደረጃ ለሌላቸው አካባቢዎች) ይከፋፈላል።

ለምን እንዲህ ሆነ? በ1942 (እ.ኤ.አ.)፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መሃል፣ የፌዴራሉ መንግሥት የገቢ ግብርን ጠቅልሎ ያዘ። ትምህርት ቤቱ፣ ሆስፒታሉና ፖሊሱ ግዛቶቹ ላይ ቀረ፤ ዋናው ገቢ ግን ከእጃቸው ወጣ። ሕገ መንግሥቱ ደግሞ ኤክሳይዝ ታክስ እንዳይጥሉ ይከለክላቸዋል። ስለዚህ ከትምባሆ፣ ከመጠጥና ከነዳጅ ነጋዴዎች «የፈቃድ ክፍያ» እያሉ ይሰበስቡ ነበር። በ1997 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ይህንንም በር ዘጋው።

ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ሃዋርድ በ1998 ጂኤስቲን ይዘው ምርጫ ገቡና አሸነፉ። ታክሱ ሐምሌ 1 ቀን 2000 ሥራ ጀመረ። ግዛቶቹም በለውጡ የተወሰኑ ታክሶቻቸውን ለመተው ተስማሙ። ትኩስ ምግብ ከታክሱ ነፃ የሆነው በምክር ቤት ድርድር ነው።

ገንዘቡ «ለዚህ ብቻ አውሉት» የሚል ቅድመ ሁኔታ የለውም። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን እኔ እንደማየው ግዛቶቹ ያገኙት ገንዘብ እንጂ የታክስ ሥልጣን አይደለም። ጠቡም ቦታ ቀየረ። ቀድሞ ከካንቤራ፣ ማለትም ከፌዴራሉ መንግሥት ጋር ነበር፤ አሁን በአብዛኛው እርስ በርስ ሆኗል።

የሚያጣላው ቀመሩ ነው። እኛ ጋ የድጎማ ቀመር የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። እዚያ ገለልተኛ ኮሚሽን ያጠናል፣ የፌዴራሉ ገንዘብ ሚኒስትር ይወስናል። ኮሚሽኑ የተቋቋመው በ1933 ነው። በዚያው ዓመት የምዕራብ አውስትራሊያ ሕዝብ ሁለት ሦስተኛ ገደማው ከፌዴሬሽኑ እንገንጠል ብሎ ድምፅ ሰጥቶ ነበር። መገንጠሉ አልሆነም፤ ቅሬታው ግን አልሞተም።

የቀመሩ ሐሳብ ቀላል ነው፦ ማንኛውም ግዛት ለሕዝቡ ተመሳሳይ አገልግሎት መስጠት ይቻለው። ስለዚህ በራሱ ብዙ ገቢ ማግኘት የሚችል ግዛት ከጂኤስቲው ያነሰ ይደርሰዋል። ሰሜናዊ ቴሪቶሪ፣ ሕዝቡ ጥቂትና የተበታተነ በመሆኑ፣ በሕዝብ ቁጥሩ ከሚገባው ከአራት እጥፍ በላይ ይወስዳል። ምዕራብ አውስትራሊያ ግን የብረት ማዕድን ሮያሊቲው (ከማዕድን አውጪዎች የሚሰበስበው ክፍያ) ሲያብጥ ድርሻው አሽቆለቆለ። በ2015-16 በሕዝብ ቁጥሩ ይደርሰው ከነበረው ከእያንዳንዱ ዶላር 30 ሳንቲም ብቻ አገኘ። የከፋው ደግሞ ስሌቱ ያለፉ ዓመታትን አማካይ መያዙ ነው። የማዕድኑ ዋጋ ከወደቀ በኋላም ቅጣቱ ቀጠለ።

በ2018 ሕጉ ተሻሻለ። የማንም ድርሻ ከ70፣ ቆይቶም ከ75 ሳንቲም እንዳይወርድ ወለል ተበጀለት። ሌሎቹ ግዛቶች ደግሞ በዚህ እንዳይጎዱ ፌዴራሉ ከራሱ ካዝና ማካካሻ ይጨምራል። የማዕድን ዋጋ ተመልሶ ስለጨመረ ወጪው ከታሰበው እጅግ በለጠ። ብዙ የአገሪቱ ኢኮኖሚስቶች ውሳኔውን ይነቅፋሉ፤ እኔም ነቀፋቸው ትክክል ይመስለኛል። በማዕድን የበለጸገው ግዛት ሲጠቀም ሒሳቡን የሚከፍለው መላው ግብር ከፋይ ነውና። ማካካሻው በ2023 በተደረሰ ስምምነት እስከ 2029-30 ተራዝሟል።

የታክሱን መጠን ለመለወጥ የሁሉም ግዛቶች ስምምነት ያስፈልጋል። ከ2000 ጀምሮ 10 በመቶ ላይ እንዳለ ነው።