ኢስኬፕ የት፣ ኮትአትር የት?

ኤክስኤምኤል (XML) ፋይል ስንጽፍ ኢስኬፕን (escape) የት፣ ኮትአትርን (quoteattr) የት እንጠቀም የሚለው ጥያቄ ደጋግሞ ስለሚነሳ በአጭሩ ላስረዳ። ሁለቱም ፋይሉን የሚያበላሹ ምልክቶችን ወደማያበላሽ አጻጻፍ የሚቀይሩ ፈንክሽኖች ናቸው። በፓይተን ሳክስዩቲልስ ሞጁል (xml.sax.saxutils) ውስጥ ያለው ኢስኬፕ፣ ሌላ ካልጨመራችሁለት፣ የሚቀይረው ሦስት ምልክት ብቻ ነው፦ &፣ < እና >። ጥቅስ አይነካም። በመክፈቻና በመዝጊያ ታግ መሃል ላለ ጽሑፍ ይበቃል። አትሪቢዩት (በታጉ ውስጥ ስም="እሴት" ተብሎ የሚጻፈው) ላይ ግን ጉድ ይሠራችኋል፤ እሴቱ ሆቴል "ሰላም" ከሆነ ፋይሉ እዚያው ይበላሻል። እዚያ የሚያዋጣው ኮትአትር ነው። ከግራና ከቀኝ ጥቅሱን ራሱ ይጨምራል፤ እናንተ እንዳትደግሙት። ነጠላ ይሁን ድርብ እንደ እሴቱ ይለያያል፣ አያስጨንቃችሁ።

ፋይሉን በሚጽፍላችሁ የዚያው ሞጁል ክላስ፣ በኤክስኤምኤል ጄኔሬተር (XMLGenerator)፣ የምትጽፉ ከሆነ ደግሞ ሁለቱንም እርሷቸው። ቅየራውን ራሱ ይሠራል። «ከበደ & ልጆቹ» የሚለውን ቀድማችሁ በኢስኬፕ ካሳለፋችሁት ሁለቴ ይቀየራል፤ ፋይሉን የሚያነብ ሰው ከ& ኋላ ኤኤምፒ (amp;) የሚል ትርፍ ነገር ተለጥፎ ያገኛል።