የክሎሪን 35.5 ከየት መጣ?

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በቱሉ ዲምቱ አካባቢ፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎችን ኬሚስትሪ ሳስጠና ከሁሉ በላይ ግራ ሲያጋባቸው የማየው በንጥረ ነገሮች ሠንጠረዥ ላይ ከክሎሪን ጋር የተጻፈው፣ የአቶሙን መጠነ ቁስ የሚያመለክተው 35.5 የሚለው ቁጥር ነው። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፤ የአቶሙን አስኳል (መሃሉን) የሚሠሩት ፕሮቶንና ኒውትሮን የተባሉት ቅንጣቶች አንድ፣ ሁለት ተብለው የሚቆጠሩ ከሆነ ግማሹ ከየት መጣ?

የአቶሙን ማንነት የሚወስነው በአስኳሉ ውስጥ ያሉት ፕሮቶኖች ብዛት፣ ማለትም አቶማዊ ቁጥሩ ብቻ ነው፤ 17 ፕሮቶን ያለው ሁሉ ክሎሪን ሲሆን 18 ያለው ግን አርጎን ነው። በአስኳሉ ዙሪያ የሚገኘው ኤሌክትሮን በመጠነ ቁስ ከፕሮቶን 1,836 ጊዜ ያህል ስለሚያንስ በዚህ ስሌት ውስጥ አይገባም ማለት ይቻላል።

የኒውትሮን ብዛት ግን በአንድ ንጥረ ነገር አቶሞች መካከል እንኳ ሊለያይ ይችላል፤ የጥያቄው መልስም ያለው እዚህ ላይ ነው። በተፈጥሮ ከሚገኙት የክሎሪን አቶሞች ከአራቱ ሦስቱ ያህል 18፣ አንዱ ደግሞ 20 ኒውትሮን ስላላቸው፣ ፕሮቶንና ኒውትሮን ተደምረው የሚሰጡት የመጠነ ቁስ ቁጥር እንደየቅደም ተከተላቸው 35 እና 37 ይሆናል፤ እነዚህ በኒውትሮን ብዛት ብቻ የሚለያዩ የአንድ ንጥረ ነገር አቶሞች አይሶቶፖች ይባላሉ። ሦስት ጊዜ 35ን ከአንድ 37 ጋር ደምረን ለአራት ስናካፍል 35.5 እናገኛለን። በየቤታችን ባለው በረኪና ውስጥ በሚገኘው ክሎሪን ሁለቱም ዓይነቶች ተቀላቅለው ይገኛሉ እንጂ የመጠነ ቁስ ቁጥሩ 35.5 የሆነ አንድም አቶም የለም። በመሆኑም በፈተና ላይ የኒውትሮን ብዛት ሲጠየቅ 17 መቀነስ ያለበት ከ35.5 ሳይሆን ከተጠቀሰው አይሶቶፕ የመጠነ ቁስ ቁጥር ላይ ነው።