ስሜ ሳይጠራ የቀረ ቀን

ወንድሞችና እህቶች፣ በቅርቡ የገጠመኝን ላጫውታችሁ። ትንሽ ያሳፍራል፤ ግን ይነገር።

ለአንድ የጸሎት ፕሮግራም ወንበር የደረደርኩትም፣ የድምፅ መሣሪያውን የገጠምኩትም እኔ ነበርኩ። ላቤ እስኪንጠፈጠፍ ለፋሁ። መጨረሻ ላይ መሪው ወንድም ወረቀት አውጥቶ ማመስገን ጀመረ። ዘማሪዎቹ ተጠሩ። አስተናጋጆቹ ተጠሩ። በር ላይ የቆሙት ሳይቀሩ ተጠሩ። ወረቀቱ ታጠፈ። የኔ ስም የለም። ፊቴ ፈገግ ብሏል፤ ሆዴ ግን አሯል። «እኔ ለጌታ ነው የሠራሁት» እያልኩ ቤቴ ገባሁ። ለጌታ ከሆነ ታዲያ ምን አስኮረፈኝ? በማግስቱ ያው ወንድም ደወለ። ስሙን አየሁና ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩት።

ማታ የፊልጵስዩስን መልእክት ከፈትኩ። ምዕራፍ 4 ቁጥር 13ን የማይወድ የለም፤ «ኃይልን በሚሰጠኝ በክርስቶስ ሁሉን እችላለሁ»። ግድግዳ ላይ እንሰቅለዋለን፣ ለፈተና ስንቀመጥ እንጠቅሰዋለን። ከሱ በላይ ያሉትን ቁጥሮች ግን ዘለል ነው የምናደርጋቸው። ጳውሎስ ይህን ሲጽፍ እስረኛ ነው። «ሁሉን» ያለውም መጥገብንና መራብን፣ መብዛትንና መጉደልን ነው። ቁጥር 11 ላይ «የምኖርበት ኑሮ ይበቃኛል ማለትን ተምሬአለሁ» ይላል። ተምሬአለሁ! አብሮት አልተወለደም ማለት ነው። ይህች ቃል እንዴት እንደምታጽናናኝ። እሱ ተምሮ ጨርሷል፤ እኔ ገና ፊደል ቆጠራ ላይ ነኝ።

ደግሞ አስተውሉ፤ ከረሃብ በፊት ያነሣው «መዋረድንም አውቃለሁ» የሚለውን ነው። እኛ «ይበቃኛል» ሲባል ገንዘብ ብቻ ነው የሚታየን። የክብር ረሃብ ግን አለ፣ እሱም አያስተኛም። ምዕራፍ 2 ላይ ስለ ጌታ የተነገረውም ይኸው ነው፤ «ራሱን አዋረደ»። ማንም ሳይነጥቀው፣ በገዛ ፈቃዱ።

በዚያው ምዕራፍ 4 መጀመሪያ ላይ ሁለት የተኳረፉ እህቶች አሉ፤ ኤዎድያንና ሲንጤኪን። ጳውሎስ ምን እንዳጣላቸው አልጻፈም። ጥፋተኛዋ ይህች ናት ብሎም አልፈረደም። «ኤዎድያንን እመክራለሁ ሲንጤኪንንም እመክራለሁ» ነው ያለው። በአንድ «እመክራለሁ» ሁለቱንም መጨረስ ሲችል ቃሉን ደገመው። እያንዳንዷን ለብቻዋ ዞር አድርጎ ያናገራት ይመስለኛል። አስታራቂ ማለት እንዲህ ነው፤ ሚዛኑ ወደ አንዷ አላጋደለም። ሌላ ወንድምም እንዲያግዛቸው ለመነ። ኩርፊያ ሲቆይ ለሁለት ብቻ አይፈታም መሰለኝ።

ቀጥሎ የጻፈው ላይ ግን እኔ ተያዝኩ። እነዚህ ሴቶች በወንጌል ከእኔ ጋር ተጋድለዋል፣ ከሌሎቹ የሥራ ባልደረቦቼም ጋር ነበሩ፤ ስማቸውም በሕይወት መጽሐፍ ተጽፏል ይላል። ስም! እኔ ከታጠፈች ወረቀት ላይ ቀረሁ ብዬ ነው ለካ እንቅልፍ ያጣሁት።

ጠዋት ደወልኩለት። ይቅርታ ይጠይቀኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ልቤ አሁንም አልተማረም። እሱ ለካ ትላንት የደወለው የማይክሮፎኑን ገመድ የት እንዳስቀመጥኩት ሊጠይቀኝ ነበር። ነገርኩት። ለሚቀጥለው ፕሮግራምም ወንበር እንድደረድር ጠየቀኝ።

«እሺ» አልኩት። ከአንድ አፍታ ዝምታ በኋላ።